ጥናትን ለዓለም ጉባኤ ስለ ማቅረብ

በዚህ ዓመት ከጓደኞቻችን መካከል ጥቂቶቹ የመመረቂያ ጥናታቸውን ወደ ውጭ አገር ጉባኤ ለመላክ አስበው፣ መንገዱ በየት በኩል እንደ ሆነ ጠይቀውናል። እኛም ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ሞክረን አንደኛው ጽሑፋችን ሳይነበብ ተመልሶብናልና፣ ከስሕተታችን ያገኘነውን ትምህርት ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን። የምንናገረውም ፐርቬሲቭ ኮምፒዩቲንግ ስለሚባለው የጥናት ዘርፍ ነው።

አስቀድመን ዘርፉ ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። ኮምፒውተር በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሰው ወደ እርሱ የሚሄድበት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ፣ በቤት፣ በልብስ፣ በመኪናና በእርሻ ውስጥ ተሠራጭቶ ሰው ልብ ሳይለው የሚያገለግል እንዲሆን የሚያጠና ነው። ይህን አሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው በአሜሪካ አገር፣ በፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማእከል ይሠራ የነበረው ማርክ ዋይዘር ነው። ዋይዘር በ1991 እ.ኤ.አ. ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ኮምፒውተርም እንደ ጽሕፈት በየስፍራው ተገኝቶ ሳይታወቀን ሊያገለግለን እንደሚገባ አመለከተ። እርሱና ባልደረቦቹም በመዳፍ የሚያዝ፣ እንደ ደብተር የሚሰፋና እንደ ጥቁር ሰሌዳ የሚተልቅ ሦስት ዐይነት መሣሪያ ሠርተው ሞክረዋል።

ዋይዘር በ1999 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ዛሬ ዩቢኮምፕ ተብሎ የሚታወቀው ጉባኤ መነሻውን ያገኘው በዚያው ዓመት በጀርመን አገር በካርልስሩኸ ከተማ ነበር። ፐርቬሲቭ የተባለው ሌላው ጉባኤ በ2002 በዙሪክ ተጀምሮ፣ በ2013 ከዩቢኮምፕ ጋር ተዋሐደ። ፐርኮም የሚባለው ደግሞ በ2003 በቴክሳስ፣ በፎርት ወርዝ ተጀምሯል። በዚህም ጉባኤ ለተመረጠው ጽሑፍ የሚሰጠው ሽልማት በማርክ ዋይዘር ስም ይጠራል።

ሁለቱ ጉባኤዎች ጽሑፍ የሚቀበሉበት መንገድ አንድ አይደለም። ለፐርኮም ጽሑፍ የሚላከው በጉባኤው ስም ሲሆን፣ ስብሰባው የሚደረገው በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ወር ነው። ዩቢኮምፕ ግን ከ2017 ጀምሮ ዋናዎቹን ጽሑፎች የሚቀበለው በዓመት አራት ጊዜ በሚወጣ መጽሔት አማካይነት ነው፤ በመጽሔቱ የታተመለት ሰው ወደ ጉባኤው መጥቶ ሥራውን እንዲያስረዳ ይጋበዛል። ስለዚህ ተማሪው ጽሑፉን ከመጀመሩ በፊት የዓመቱን ጥሪ በጥንቃቄ ማንበብ አለበት።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንመለስ። ብዙዎቻችን የሠራነው መሣሪያ መሥራቱን ካሳየን ጥናቱ ያለቀ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ተማሪ በጎተራ ውስጥ የእህሉን እርጥበት የሚለካና ለባለቤቱ በስልክ የሚያስታውቅ ትንሽ ሴንሰር ሠራ እንበል። መሣሪያው መልእክት መላኩ ብቻውን ጥናት አይባልም። ገምጋሚዎቹ የሚጠይቁት፦ ከዚህ በፊት ከተሠሩት በምን ይለያል? ልኩ ትክክል መሆኑ ከምን ጋር ተመዛዘነ? በስንት ጎተራ፣ ለስንት ወር ተሞከረ? መብራት ሲጠፋና ኔትዎርክ ሲቋረጥ ምን ሆነ? ገበሬው መልእክቱ ሲደርሰው በእርግጥ እህሉን አውጥቶ አሰጣው ወይስ ዝም አለ? የሚል ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች በቁጥርና በማስረጃ የሚመልስ ጽሑፍ መሣሪያው ቀላል ቢሆንም ይከበራል። ያልሠራውንም ነገር መደበቅ አይገባም፤ ጉድለቱን ራሱ የሚገልጥ ጸሐፊ ይታመናል።

ጥናቱ ሰዎችን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ ፈቃዳቸውን አስቀድሞ መጠየቅና የዩኒቨርሲቲውን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። በሰው ቤት የተሰቀለ ሴንሰር ባለቤቱ መቼ እንደሚወጣና እንደሚገባ ሊናገር ይችላልና፣ ይህ ነገር በዚህ ዘርፍ ከሌላው ይልቅ ይጠብቃል።

የእኛን ስሕተት እዚህ ላይ እንናዘዝ። አብዛኞቹ ጉባኤዎች ጽሑፉን የሚመረምሩት የጸሐፊው ስም ሳይታወቅ ነው፤ ጸሐፊውም የገምጋሚዎቹን ስም አያውቅም። እኛ ስማችንን ከርእሱ ሥር አጥፍተን ደስ ብሎን ላክን። ነገር ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ ለመምህራችን በስማቸው፣ ለትምህርት ክፍላችንም በስሙ ያቀረብነውን ምስጋና ረስተነው ነበር። የስምንት ወር ድካማችን በሁለት መስመር ምክንያት ሳይነበብ ተመለሰ። ለዚህ ነው የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው። ከዚያ ወዲህ ጽሑፋችንን ከመላካችን በፊት በሥራው ያልተካፈለ ጓደኛ እንዲያነበውና ማን እንደ ጻፈው ለመገመት እንዲሞክር እናደርጋለን። ከገጽ ብዛት ማለፍና አንዱን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጉባኤ መላክም እንዲሁ ከበር ያስመልሳል።

ስለ ሰዓቱም አንድ ቃል እንጨምር። ብዙ ጉባኤዎች የመጨረሻውን ሰዓት የሚቈጥሩት በዓለም ላይ ቀኑ በመጨረሻ በሚያልቅበት ስፍራ አቆጣጠር ነው። ይህም ከግሪንዊች ሰዓት በ12 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ሲሆን፣ የእኛ አገር ሰዓት ደግሞ በ3 ሰዓት ስለሚቀድም ልዩነቱ 15 ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ የተባለው ቀን እኩለ ሌሊት ማለት ለእኛ በማግሥቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ሆኖም ይህን ትርፍ ጊዜ ተማምኖ መቀመጥ አይበጅም፤ በዚያ ቀን መብራት ቢጠፋ ጉባኤው አይጠብቅም።

ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ ቢያንስ አንዱ ጸሐፊ የመመዝገቢያውን ገንዘብ ከፍሎ ሥራውን ማቅረብ ይገባዋል። የቪዛውን ጉዳይ የተቀባይነቱ ደብዳቤ በደረሰበት ቀን መጀመር፣ ለተማሪዎች የሚሰጥ የጉዞ ርዳታ መኖሩንም መጠየቅ መልካም ነው። ካልተቀበሉት ደግሞ የገምጋሚዎቹን አስተያየት ሦስት ቀን አቈይቶ እንደገና ማንበብ ይጠቅማል፤ በመጀመሪያው ቀን ስድብ የመሰለን ቃል በሦስተኛው ቀን ምክር ሆኖ ይገኛልና። ለጀማሪም በፐርኮም ገና በመሠራት ላይ ላሉ ጥናቶች፣ ለመሣሪያ ትርኢትና ለዶክትሬት ተማሪዎች የተለየ ክፍል አለ።

ይህን ሁሉ ለምን እንደክማለን? በየስፍራው የሚሠራጨው ኮምፒውተር ወደ እኛም ቤትና እርሻ መግባቱ አልቀረም። መብራት ዘወትር እንደሚኖር፣ ኔትዎርክ እንደማይቋረጥ፣ ሁሉም ሰው እንግሊዝኛ እንደሚያነብ ታስቦ የተሠራ መሣሪያ ለእኛ ገበሬ ከጌጥ አያልፍም። ይህን በቁጥር አስደግፎ ለሠሪዎቹ ሊነግራቸው የሚችለው በዚህ ኑሮ ውስጥ ያለ ሰው ነው። በየዓመቱ በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚለብሱት የመመረቂያ ጽሑፎች ከዚህ ነገር ጥቂቱን ይዘዋል። እነርሱን አውጥቶ፣ አርሞና አሳጥሮ ወደ ጉባኤው መላክ የእኛ ፈንታ ነው።