የፍጥነት መለኪያዎች ልዩነትና ለነጋዴ ያላቸው ጥቅም

በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም የሚጠራው፥ ከጊዮርጊስ ሠፈር ወደ መርካቶ የሚያሻግረው ድልድይ ተሸካሚውንም፥ ባለጋሪውንም፥ የጭነት መኪናውንም በአንድነት የሚያስተናግድ መተላለፊያ ነው። ሸክም የያዘ ሰው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራመድ፥ መንገድ የተከፈተለት መኪና ግን ከዐሥር እጥፍ በላይ ይሄዳል። ይህን ልዩነት ዓይን አይቶ ይፈርዳል፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ ፍጥነት ግን መለኪያው ተለይቶ ካልታወቀ ነጋዴውን ለኪሣራ ይዳርገዋል።

ፍጥነት ማለት የተሄደው ርቀት ለወሰደው ጊዜ ተካፍሎ የሚገኘው ቍጥር ነው። ለንግድ ሥራ የሚያስፈልጉት መለኪያዎች አራት ሲሆኑ፥ እነርሱም በሰዓት ኪሎ ሜትር፥ በሰዓት ማይል፥ ኖትና በሴኮንድ ሜትር ናቸው። አለዋወጣቸውም እንደሚከተለው ነው።

ማይልን ወደ ኪሎ ሜትር ለመለወጥ በ1.609 ማባዛት፤ ለፈጣን ስሌት በ8 አባዝቶ ለ5 ማካፈል ይበቃል።
ኖትን በሰዓት ወደ ኪሎ ሜትር ለመለወጥ በ1.852 ማባዛት።
በሴኮንድ ሜትርን በሰዓት ወደ ኪሎ ሜትር ለመለወጥ በ3.6 ማባዛት፤ ለመመለስ ግን ለ3.6 ማካፈል።

ኖት የመርከብና የአውሮፕላን መለኪያ ነው። ትርጓሜው ቋጠሮ ሲሆን፥ ስሙም የቀድሞ መርከበኞች በየርቀቱ የተቋጠረ ገመድ ወደ ባሕር እየለቀቁ በተወሰነ ጊዜ ያለፉትን ቋጠሮዎች ይቈጥሩ ከነበረበት ልማድ የመጣ ነው። አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ማለት ነው። የባሕር ማይልም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. 1,852 ሜትር እንዲሆን በዓለም አቀፍ ጉባኤ ተወስኗል።

ለምሳሌ አንድ መርከብ 1,200 የባሕር ማይል በ12 ኖት ቢጓዝ በ100 ሰዓት፥ ማለት በ4 ቀን ከ4 ሰዓት ይደርሳል። አስመጪው ርቀቱን በትክክል ወደ 2,222 ኪሎ ሜትር ለውጦ 12ቱን ኖት ግን በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው ብሎ ቢወስድ፥ ጉዞው 185 ሰዓት ይሆንበታል። እንግዲህ ዕቃው እርሱ ከገመተው ቀን 3 ቀን ተኩል ያህል ቀድሞ ወደቡ ሲገባ፥ የጉምሩክ ሰነዱና መኪናው ገና አልተሰናዱምና የመጋዘን ኪራይ ይቈጠርበታል።

በየብስም ቢሆን ከፍተኛውን ፍጥነት ከአማካዩ መለየት ያስፈልጋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሲሆን፥ ለጭነት ባቡር የታቀደው ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። 750ን ለ80 አካፍሎ «ዕቃው በ9 ሰዓት ተኩል ይደርሳል» ብሎ ለደንበኛ ቃል መግባት ግን ስሕተት ነው፤ ማቆሚያው፥ መጫኛውና ማራገፊያው አልተቈጠረምና። እንዲሁም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሄዶ በዚያው መንገድ በ40 የተመለሰ መኪና አማካይ ፍጥነቱ 48 እንጂ 50 አይደለም፤ በዝግታ የተጓዘበት ጊዜ ይረዝማልና።

ባለሱቁንም የሚመለከት ነገር አለ። በ50 ድግግሞሽ መብራት የሚሠራና በደቂቃ 1,450 ጊዜ የሚዞር የወፍጮ ሞተር 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፑሊ ቢገጠምለት፥ ቺንጋው በሴኮንድ 15 ሜትር ያህል ይሮጣል። የፑሊው ስፋት ሲጨምር የቺንጋውም ፍጥነት በዚያው መጠን ይጨምራል። ስለዚህ ፑሊ የሚሸጥ ሰው የሞተሩን ዙር ሳይጠይቅ ሊሸጥ አይገባውም።

ከሁሉ የሚከብደው የሰው ሕይወት ነው። የፍጥነት መለኪያው በማይል የተሠራ መኪና ከውጭ ሲገባ፥ ሾፌሩ 50 የሚለውን አይቶ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ቢመስለው፥ በእውነቱ የሚነዳው በ80 ነው። በሴኮንድ 14 ሜትር በመሄድ ፈንታ 22 ሜትር ይሄዳል፤ ፍሬን ከያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትም ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። እንዲህ ያለ መኪና ሕዝብ በሚተራመስበት ድልድይ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ማንም ይረዳዋል። መኪናውን የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ለገዢው አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።

በውልም ሆነ በደብዳቤ ፍጥነት ሲጻፍ ከቍጥሩ አጠገብ መለኪያውን በግልጥ መጻፍ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። የተጻፈ ቃል ክርክርን ያስቀራል፤ የተረሳ ቃል ግን ገንዘብ ያስከፍላል።