ገዢን ለሻጮች በትክክል ስለ ማካፈል

በሽያጭ ልክ በሚከፈልበት የንግድ ቤት፣ በሠራተኞች መካከል ጠብ ከሚያነሡት ነገሮች አንዱ «ይህ ገዢ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሹሙ ትልልቁን ገዢ ለወዳጁ ብቻ የሚመራ ከሆነ፣ የቀረው ሠራተኛ ልጆቹን በምን ያሳድጋል?

ለዚህ የሚሆን ብልሃት ከራሳችን ልማድ እናገኛለን። በአዲስ አበባ የታክሲ ማቆሚያዎች ተራ አስከባሪ አለ፤ ቀድሞ የተሰለፈ ቀድሞ ይጭናል። በንግድ ቤትም ሻጮች እንዲሁ በተራ ቢያስተናግዱ መልካም ነው።

ነገር ግን ተራ ብቻውን አይበቃም። በሕንፃ ዕቃ መደብር ለአንዱ ሻጭ ጥቂት ምስማር የሚገዛ ሲደርሰው፣ ለሌላው የሙሉ ቤት ቆርቆሮ የሚገዛ ሊደርሰው ይችላልና። እዚህ ላይ እቁብ ያስተምረናል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ዳግመኛ አይወጣለትም። ስለዚህ ለትልልቁ ትእዛዝ ሌላ መዝገብ ይከፈት፤ አንድ ጊዜ የደረሰው ሻጭ ለሁሉም እስኪዳረስ ይጠብቅ። ተመልሶ የመጣ ገዢ አስቀድሞ ላስተናገደው ይሁን፤ የታመመም ሠራተኛ ተራው ይቆየው።

ከሁሉ በላይ መዝገቡ ሁሉም በሚያየው ስፍራ ይቀመጥ እንላለን። የተሰወረ ሚዛን፣ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ አይታመንምና።