በስቴንለስ ላይ የበራው ብርሃን

ኒውተን ሃርቬይ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂስት ነበር። ዕድሜውን የፈጀው በጨለማ የሚያበሩ ነፍሳትንና የባሕር እንስሳትን ሲመረምር ነው። በ1929 ግን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሕይወት የሌለው ነገር ሲያበራ አየ። ሉሚኖል የተባለ ኬሚካል ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲለቅ ኤሌክትሪኩን የሚያስገቡት ኤሌክትሮዶች ላይ ብርሃን ታየው።

ነገሩ ብዙ ዓመት ተዳፍኖ ቆይቶ በ1960ዎቹ አጋማሽ እንደገና ተነሳ። በ1972 ኑርሃን ቶከልና አለን ባርድ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሩተኒየም ያለበት አንድ ውህድ በኤሌክትሪክ ብርቱካንማ ቀይ ብርሃን እንደሚሰጥ አሳዩ። ችግሩ፣ ሙከራው የሚሠራው ውኃ በሌለበት ፈሳሽ ነበር፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። በ1981 እስራኤል ሩቢንስታይንና ባርድ ኦክሳሌት ጨምረው ብርሃኑን ውኃ ውስጥ አበሩት። የሆስፒታሉ በር የተከፈተው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። በ1990ዎቹ ኤሌክሲስ የተባሉ መሣሪያዎች በዚሁ ብርሃን የታይሮይድ ሆርሞንን፣ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባውን ትሮፖኒንንም ይለኩ ጀመር።

ለምን ብርሃን? ብዙ ሌሎች የብርሃን መለኪያዎች ናሙናውን በመብራት ስለሚመቱት የመብራቱ ጨረር ከሚፈለገው ብርሃን ጋር ይደባለቃል። እዚህ መብራት የለም፤ ጨለማ ቤት ውስጥ እንደተጫረ ክብሪት ትንሿም ብልጭታ ትለያለች።

ከዚያ ናኖ ቁሶች መጡ። በ2002 ባርድ፣ ዢፌንግ ዲንግና ባልደረቦቻቸው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆኑ የሲሊከን ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ሲያበሩ አዩ። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቅንጣቶቹ ይህን ያህል ሲያንሱ ከመጠናቸው አንጻር ለሥራ የተጋለጠ ገጻቸው እጅግ ይሰፋል። አንዳንዶቹ ራሳቸው ያበራሉ፤ አንዳንዶቹ ብዙ የሚያበሩ ሞለኪውሎችን ይሸከማሉ፤ እንደ ወርቅ ያሉት ደግሞ የኤሌክትሮኑን ጉዞ ያፋጥናሉ። ተመራማሪውም ኤሌክትሮዱን በወርቅ፣ በፕላቲነም፣ በግራፊን ማስጌጡን ተያያዘው። እውነቱን ለመናገር፣ ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ ከመጽሔት ገጽ ወጥተው ታማሚ ዘንድ የሚደርሱ አይመስለኝም።

የጅማ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሽመልስ አዲሱም የጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። በ2013 ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር በፓላዲየም ናኖ ቅንጣቶች ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ስለሚለካ ኤሌክትሮድ ጥናት አሳተመ። ከዚያ ቻይና፣ ቻንግቹን ከተማ፣ በጉኦባኦ ሹ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርሃኑን ያጠና ጀመር። በ2017 እሱና ባልደረቦቹ «አናሊቲካል ኬሚስትሪ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ኤሌክትሮዱ ወርቅ አልነበረም፤ ፕላቲነምም አልነበረም። ስቴንለስ ነበር፤ ማንኪያና ድስት የሚሠራበት ዓይነት ብረት።

ከሚለካቸው ነገሮች አንዱ ስኳር (ግሉኮስ) ነው፤ አሠራሩም እንዲህ ነው። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም ስኳሩን ሲያቃጥል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይወጣል። እሱ ከሉሚኖል ጋር ብረቱ ላይ ሲገናኝ ሰማያዊ ብርሃን ይፈነጥቃል። ስኳሩ ሲበዛ ብርሃኑም ይበዛል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ራሱ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ነው፤ ማንም ሳያስጌጠው ናኖ ልብስ ለብሶ የሚኖር ብረት ነው።

ይህን ሁሉ ወላይታ ላይ ሆኜ የማስበው ያለ ምክንያት አይደለም። አካባቢው ጥቃቅን ቅንጣቶችን የሚያውቃቸው በክፉ ጎናቸው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር የሚረግጡ ገበሬዎችን የሚይዘው ዝሆኔ በትንኝ የሚተላለፈው እንዳልሆነ፣ የአፈሩ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳ ገብተው ሊምፍ ዕጢ ውስጥ እንደሚገኙ አሳየ። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በ2012 ከወላይታ ታማሚዎች በተወሰደ ናሙና የተሠራ ጥናት አንዳንድ ሰዎች በዘር ውርስ ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን ገለጠ። ሆኖም እግር ከማበጡ በፊት በሽታውን በደም ጠብታ የሚለይ ፈጣን ምርመራ የለም። ሐኪሙ ምልክቱን አይቶ፣ ሌሎቹን በሽታዎች አንድ በአንድ አስወግዶ ነው የሚደርስበት።

ብርሃኑ ይህን ዛሬውኑ ይፈታል ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ደም ውስጥ የሚፈለገው ምልክት መታወቅ አለበት፤ እሱ የሐኪሞችና የጄኔቲክስ ሰዎች ሥራ ነው። ምልክቱ በተገኘ ቀን ግን መለኪያውን የሚሠራ እጅ እዚሁ ወላይታ ሶዶ ላይ ተዘጋጅቶ ቢጠብቅ እመርጣለሁ። በ2011 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በኤሌክትሪክ የሚፈነጥቀውን ብርሃን በወረቀት ላይ አብርተው በሞባይል ካሜራ አንብበውታል። ኤሌክትሮዱ ስቴንለስ፣ ዐይኑ ሞባይል ከሆነ፣ ወርቅ የለንም የሚለው ሰበብ አያዋጣም። የሚያበሩ የካርቦን ቅንጣቶችም ከዕፅዋት ይሠራሉ፤ ወላይታ ደግሞ እንሰት ሞልቷታል።

የሶዶ የኬሚስትሪ መምህራን፣ ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ ስትሰጡ ከተማሪዎቻችሁ ለአንዱ ይህን ስጡት። ከስኳር ይጀምር።