የአውሮጳ የባንክ ሒሳብና የደባርቅ ሰው



ለዛሬው ገለጻዬ መነሻ ያደረግሁት በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝን አንድ ጥያቄ ነው፦ «በኢንተርኔት የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ከአውሮጳ ሀገሮች የትኛው ይሻላል?» ጠያቂዎቼ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ተመራቂ ነው፤ ሁለተኛው እዚሁ ደባርቅ ወይም ዳባት ተቀምጦ ከውጭ ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ነው። ለሁለቱ አንድ መልስ መስጠት አይቻልም።

በተጓዡ ልጀምር። የአውሮጳ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የክፍያ ሒሳብ መመሪያ በኅብረቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው መሠረታዊ የክፍያ ሒሳብ የመክፈት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቋሚ አድራሻ የሌለውና ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ሳይቀር የመብቱ ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ ተማሪው ሀገር ማማረጥ አያስፈልገውም፤ የሚማርበት ሀገር ይበቃዋል። የሊቱዌንያ ሒሳብ ይዞ ጀርመን ቢሠራ እንኳ አሠሪው «የጀርመን ሒሳብ ካልሆነ አልከፍልም» እንዳይል እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ደንብ ይከለክለዋል።

ይልቅስ ሊያጤነው የሚገባው የድርጅቱን ፈቃድ ነው። በስልክ ላይ ሲታዩ ሁሉም ባንክ ይመስላሉ። ኤን26 በጀርመን፣ ሬቮሉት በሊቱዌንያ የባንክ ፈቃድ ስላላቸው የአንድ አስቀማጭ ገንዘብ እስከ 100,000 ዩሮ ድረስ ዋስትና አለው። በቤልጅየም ፈቃድ የሚሠራው ዋይዝ ግን ባንክ አይደለም፤ የደንበኞቹን ገንዘብ ከራሱ ለይቶ የመያዝ ግዴታ ቢኖርበትም ይህ ዋስትና የለውም።

ዋስትናውን የሚሰጠው ባንኩ ፈቃድ ያገኘበት ሀገር ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2008 ታይቷል። አይስሴቭ የተባለው የአንድ አይስላንዳዊ ባንክ የኢንተርኔት አገልግሎት ሲወድቅ፣ ከ300 ሺህ የሚበልጡ የብሪታንያና የኔዘርላንድስ አስቀማጮች ገንዘባቸው ተያዘ። የአይስላንድ የዋስትና ፈንድ መክፈል ስላቃተው የሁለቱ ሀገሮች መንግሥታት ከራሳቸው ካዝና ከፈሉ፤ የፍርድ ቤቱ ክርክር እልባት ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በወለድ ብልጫ ብቻ ሀገር የሚመርጥ ሰው ይህን ታሪክ ቢያነብ መልካም ነው።

አሁን ወደ ከተማችን ልመለስ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚጎበኝ እንግዳ ጉዞውን የሚጀምረው ከደባርቅ ነው። አስጎብኚው ለበቅሎ፣ ለስንቅና ለምግብ አብሳይ ቀብድ ይፈልጋል፤ እንግዳው ደግሞ ገና አውሮጳ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰነዘረው ሐሳብ ጀርመን ወይም ጣልያን በሚኖር ዘመድ ስም ሒሳብ መክፈት ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በባንኩ ዘንድ የገንዘቡ ባለቤት ስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። እርሱ ቢሞት ወራሾቹ፣ ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪዎቹ ይመጡበታል። ግብር ሰብሳቢውም ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ዘመድየውን ሊጠይቀው ይችላል። ሽማግሌ ቢቀመጥም የባንኩን መዝገብ አይለውጠውም።

በራስ ስም መክፈትስ? በአውሮጳ ለማይኖር ሰው ከላይ የጠቀስሁት መብት አይደርሰውም። በሀገራችንም የውጭ ምንዛሪ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚገዛ ስለሆነ፣ በውጭ ሒሳብ ከመያዝ አስቀድሞ ሕጉን መጠየቅ ግድ ነው።

ይሁን እንጂ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሌላ በር ከፍቷል። ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ በለቀቀበት በዚያ ወር፣ በሐዋላ፣ በደመወዝ ወይም በሌላ መንገድ የውጭ ምንዛሪ የሚያገኝ ነዋሪ እዚሁ ሀገር ውስጥ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ፈቅዷል፤ በውጭ ለሚገዛው አገልግሎትም ከዚያው ሊከፍል ይችላል። ለአስጎብኚያችን የሚበጀው ይህ ይመስለኛል። በእርግጥ በባንክ ለባንክ ሲላክ የማስተላለፊያው ክፍያ ለትንሽ ቀብድ ከባድ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ቡድን ቀብድ ባንድነት ቢላክ ይመረጣል። ክፍያውን ላኪው ወይስ ተቀባዩ እንደሚሸከመው አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ያሻል። ከሁሉ በፊት ግን የተቀባዩ ስም በመታወቂያው፣ በሒሳቡና በላኪው ዘንድ በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደላት መጻፉን አረጋግጡ፤ «ጸጋዬ» የሚለውን ስም ስንት ዓይነት አድርገን እንደምንጽፈው ታውቃላችሁ።