ቅጠሉን በማዳበሪያ ሞልተን ከምንጥለው፣ ቅጠሉን ማዳበሪያ ብናደርገውስ?



ዛሬ ከአንዲት ቃል እንነሳ፤ "ማዳበሪያ"። ሰፈር ውስጥ "እስቲ አንድ ማዳበሪያ አምጣልኝ" ሲባል ማንም ዩሪያ ፍለጋ አይወጣም። የሚመጣው ያ የምናውቀው ከረጢት ነው፤ ከሰል የሚገዛበት፣ ድንች የሚጫንበት፣ ቆሻሻ የሚወጣበት። ከረጢቱ ስሙን ያገኘው ድሮ ውስጡ ከነበረው ነገር ነው። ያ ነገር ካለቀ በኋላ ስሙ ከረጢቱ ላይ ቀረ።

አሁን በጋው ገብቷል። ጠዋት ጠዋት በየግቢው የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማል። የረገፈው ቅጠል ተጠርጎ ወይ በዚያው "ማዳበሪያ" ታጭቆ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጣል፣ ወይ ጥግ ላይ ተከምሮ ክብሪት ይጫርበታል። የሚገርመው ታዲያ ማዳበሪያ ውስጥ ከተን የምንጥለው ነገር ራሱ ማዳበሪያ መሆን የሚችል መሆኑ ነው። ያውም በነፃ።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። ግቢ ላለውም፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ለሚኖረውም።

ስናቃጥለው ምን ይሆናል?

በየዓመቱ ኅዳር 12 አዲስ አበባ ጭስ በጭስ ትሆናለች። "ኅዳር ሲታጠን" የምንለው ልማድ መነሻው በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀው "የኅዳር በሽታ" እንደሆነ ይነገራል። ዓለም "የስፔን ጉንፋን" ብሎ የሚያውቀው ወረርሽኝ ማለት ነው። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ሰፈርህን አጽዳ፣ ከበሽታ ትድናለህ። የማጽዳቱ ነገር ዛሬም ትክክል ነው። ማቃጠሉ ግን ዛሬ ሌላ መዘዝ አለው።

የቅጠል ጭስ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ብናኞች አሉ። ሳንባ ድረስ ዘልቀው የሚገቡት እነሱ ናቸው። አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃን ልጅና አዛውንት በቶሎ ይጎዳሉ። ክምሩ ውስጥ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲደባለቅ ደግሞ ጭሱ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል።

አፈሩም ይጎዳል። ቅጠል ሲቃጠል ናይትሮጅኑና ካርቦኑ አብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል። አመዱ ላይ የሚቀሩት እንደ ፖታሲየምና ካልሲየም ያሉት ናቸው። አፈርን የሚያለሰልሰው፣ ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሽ ግን አመድ ውስጥ የለም።

"እሺ አናቃጥለውም፣ ለቆሻሻ መኪና እንስጠው" ቢባልስ? ያኔም የሚሄደው ወደ ቆሻሻ መጣያው ነው። ከከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው። አየር በሌለበት ሥር ተቀብሮ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ሚቴን ደግሞ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙ እጥፍ ይበረታል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ማናችንም አንረሳውም። ለዚያ አደጋ ቅጠልን ተጠያቂ እያደረግን አይደለም። ግን እያንዳንዱ ከግቢ ያልወጣ ከረጢት እንዲህ ባለ ክምር ላይ የማይጨመር ከረጢት ነው።

ቅጠል እንዴት አፈር ይሆናል?

ነገሩን በምግብ እናስበው። ክምሩን የሚበሉት ባክቴሪያና ፈንገስ ናቸው። እነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት ሁለት ነገር ይፈልጋሉ፤ ጉልበት የሚሆናቸው ካርቦንና ሰውነት የሚገነቡበት ናይትሮጅን። ጥሩ የሚሠሩት ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ነው።

ደረቅ ቅጠል ካርቦኑ ይበዛል። ዛፉ ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት ናይትሮጅኑን በብዛት መልሶ ስለሚወስድ ነው። ስለዚህ ደረቅ ቅጠል ብቻውን ቢከመር ይበሰብሳል፣ ግን ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አንጓ፣ የቡና አተላ፣ አረንጓዴ ሣር፣ የከብት እበት ደግሞ ናይትሮጅን አላቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ሥራው ይፈጥናል። ቀሪው አየርና ውሃ ነው። በቃ፣ ሳይንሱ ይኸው ነው።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. ቦታ ምረጡ። ጥላ ያለበት፣ ውሃ የማይተኛበት ጥግ ይሁን። ክምሩ ርዝመቱም ስፋቱም ቁመቱም ወደ 1 ሜትር ቢደርስ ሙቀት ይይዛል። ካነሰም ይሆናል፤ ይዘገያል እንጂ።

2. ቅጠሉን ሰባብሩት። ማዳበሪያ ውስጥ ከታችሁ ርገጡት፤ ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ይህን ሥራ በደስታ ይሠሩላችኋል። ቅጠሉ በደቀቀ ቁጥር ቶሎ ይበሰብሳል።

3. ከታች ቀጫጭን ጭራሮ ጣል ጣል አድርጉ። አየር በሥር እንዲገባ ነው።

4. በየተራ ደርድሩ። 3 ባልዲ ደረቅ ቅጠል፣ ከላዩ 1 ባልዲ እርጥብ ነገር። በየመሃሉ አንድ እፍኝ የግቢ አፈር በትኑበት፤ አፈሩ አበስባሾቹን ይዞ ይመጣል። የመጨረሻው ድርብ ሁልጊዜ ደረቅ ቅጠል ይሁን፤ ዝንብ አይመጣም።

5. ውሃ አርከፍክፉ። ልኩን ለማወቅ አንድ ጭብጥ አንሱና ጨምቁት። ጠብታ ብቻ ጣል ካለ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል፤ እጃችሁን ካላረጠበ አንሷል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ አትክልት ያጠባችሁበት ውሃ ይበቃል። የሳሙና ውሃ ግን አይሆንም።

6. በየ2 ሳምንቱ አገላብጡ። በመንሽ ወይም በአካፋ ውስጡን ወደ ውጪ፣ ውጪውን ወደ ውስጥ። ጥሩ የሄደ ክምር መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፤ ያ ሙቀት የአረም ዘርና ብዙ በሽታ አምጪ ተህዋስያንን ይገድላል።

ቴርሞሜትር ከየት እናምጣ? አያስፈልግም። ገበሬዎቻችን የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ፤ ረጅም ዱላ መሃሉ ላይ ትሰካላችሁ። ከቀናት በኋላ ስትነቅሉት ሞቆና ወዝቶ ከወጣ ሥራው እየሄደ ነው። ደርቆና ነጭ ሻጋታ ይዞ ከወጣ ውሃ ጎድሎታል። ቀዝቅዞ የሚሸት ከሆነ ውሃው በዝቷል።

ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚልና መጀመሪያ ዝናብ ሲነካው እንደሚያውደው አፈር የሚሸት ነገር ታገኛላችሁ። ቅጠሉን ቅጠል ነው ብላችሁ መለየት ካልቻላችሁ ደርሷል።

የትኛው ቅጠል? የትኛው አይሆንም?

ብሳና፣ ዋንዛ እና ጃካራንዳ ቶሎ ይበሰብሳሉ። ካገኛችሁ አትልቀቋቸው።

አቮካዶ፣ ማንጎ እና ግራቪሊያ ጠንካራ ስለሆኑ ይዘገያሉ። በደንብ ሰባብራችሁ ጨምሩ።

ባሕር ዛፍ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን የሞላት እሱ ነውና። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይትና ሌሎች ንጥረ ነገሮች የሌላ ተክል ዘር እንዳይበቅል ያውካሉ። ጥሬውን ችግኝ ሥር አታድርጉት። ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ግን ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከጠቅላላው ከሩብ እንዳይበልጥ አድርጉና በደንብ እስኪደርስ ጠብቁት። ጽድም እንደዚሁ ነው።

በሽታ የመታው ቅጠልና ዘር የያዘ አረም አይግቡ። ከአስፋልት ዳር የተጠረገ ቅጠልም ዘይትና ፕላስቲክ ስለሚቀላቀልበት ይቅር። ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት የነካው ወጥ አይጥ ይጠራል። የውሻና የድመት እዳሪ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

"እኛ ግቢ የለንም" ለምትሉ

ኮንዶሚኒየም ላይ የምትኖሩ፣ ለእናንተ ያ ከረጢት ራሱ ይበቃል። ቅጠሉን ሰባብራችሁ፣ አርሳችሁ ሙሉበት፤ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር ጨምሩ፤ ጎኑን በምስማር ቀዳድታችሁ አፉን እሰሩ። ሥሩ ሰፋ ያለ ሳህን ወይም ትሪ አድርጉ፣ ጎረቤት ላይ እንዳይንጠባጠብ። በረንዳ ላይ ጥላ ባለበት ጥግ አስቀምጡት። በወር አንዴ እያያችሁ ከደረቀ ውሃ ጨምሩበት። እንዲህ ያለው ከ6 ወር እስከ ዓመት ይፈጃል፤ ግን ሽታ የለውም፣ ማገላበጥም አይፈልግም።

ከዚህም የሚቀል አለ፤ ጉዝጓዝ። ለበዓል ቄጤማ እንደምንጎዘጉዘው ደረቁን ቅጠል በአትክልቱ ዙሪያ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ማንጠፍ ነው። ፀሐይ አፈሩን አያደርቀውም፣ አረም አይበቅልም፣ የምታጠጡት ውሃም ይቀንሳል። ግንዱን ግን እንዳይነካው ትንሽ ራቅ አድርጉት። ምስጥ በሚበዛበት ቆላ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ሳሳ አድርጉ።

እኛ ምን ተሳሳትን?

ይህን ከመጻፋችን በፊት በምንሠራበት ግቢ ሞክረነዋል። የመጀመሪያው ክምራችን ሸተተ። ምክንያቱን ቆይተን ነው ያወቅነው፤ የምሳ ሰዓት ልጣጩን ሁሉ እየወሰድን ደፋንበት፣ ቅጠሉ አነሰ። ደረቅ ቅጠል ጨምረን ስናገላብጠው በሳምንቱ ሽታው ጠፋ።

ሁለተኛው ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ቅጠል ብቻ ከመርንና ረሳነው። ከ2 ወር በኋላ ስናየው እንደነበረ ቁጭ ብሏል፤ ውስጡ እንደ ብስኩት ደርቋል። ውሃና እበት ካገኘ በኋላ ነው የነቃው። ሦስተኛው ላይ ቆስጣ ዘራንበት። አሁን ምሳ ላይ የሚቀርበው ቆስጣ ከየት እንደመጣ እንግዳ ሁሉ እንዲጠይቀን እንጠብቃለን!

ሲደርስስ?

ለመደብ፦ በ1 ካሬ ሜትር 2 ባልዲ ያህል በትናችሁ ከላይኛው አፈር ጋር አዋህዱ። ለጎመን፣ ለሰላጣ፣ ለቆስጣ፣ ለቲማቲም ጥሩ ነው።

ለአበባ ማሰሮና ለቆርቆሮ፦ ከሦስት እጅ አንዱ ኮምፖስት፣ ቀሪው አፈርና ትንሽ አሸዋ። ችግኝ መሸጫዎች ላይ "የደን አፈር" እያልን የምንገዛውን ሊተካልን ይችላል፤ ጫካውም አፈሩ ይቀርለታል።

አንድ ነገር ግን ሳንሸፋፍን እንናገር። ኮምፖስት እንደ ዩሪያ በሳምንት ውስጥ ቅጠል አያጠቁርም። ምግቡን ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ትልቁ ጥቅሙ አፈሩን መቀየሩ ነው፤ ያ ደግሞ ከዓመት ዓመት ይጠራቀማል።

ይህ የጓሮ ጨዋታ ብቻ አይደለም

በፈረንጆቹ 1996 ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ የተሳተፉበት ተቋም ከአካባቢው የግብርና ባለሙያዎች ጋር በትግራይ ከገበሬዎች ማሳ ላይ ኮምፖስት መሞከር ጀመረ። ለዓመታት ሲለካ፣ ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው በግልጽ የተሻለ ምርት ሰጠ፤ ብዙ ጊዜም ከኬሚካል ማዳበሪያው ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ ነበር። ያውም በተራቆተ መሬት ላይ። የኬሚካል ማዳበሪያን በውጭ ምንዛሪ ለምታስገባ አገር ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

ጌዴኦ ብትሄዱም ከዛፉ የረገፈው ቅጠል እዚያው እንሰቱና ቡናው ሥር አፈር ሲሆን ታያላችሁ። ያ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለእነሱ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ደግሞ በመከር ወቅት ደጃችሁ የከመራችሁትን ቅጠል መኪና መጥቶ ሲወስደው አይታችሁ ይሆናል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያንን ቅጠል ዲከርሰን በተባለ ቦታ ኮምፖስት ያደርገዋል፤ ከዚያ "ሊፍግሮ" ተብሎ በከረጢት ይሸጣል። ማለትም ደጃፋችሁ ላይ በነፃ የሰጣችሁት ቅጠል በገንዘብ ተመልሶ ይመጣል። እኛ ደግሞ ክብሪት ጭረን እንሸኘዋለን።

ጊዜውን አስሉት

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የተከመረ ቅጠል እየተገላበጠ ከሄደ እስከ ሚያዝያ ይደርሳል። ከዚያ ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ መደቡ ዝግጁ ነው። የዘንድሮ ክረምት ጎመን ምግብ አሁን ከዛፍ ላይ እየረገፈ ነው ማለት ነው።

ነገ ጠዋት መጥረጊያውን ስታነሱ ክብሪቱን ቤት ተዉት። አንድ ጥግ ምረጡና አንድ ክምር ጀምሩ። ግቢውን የሚጠርጉት እናታችሁ ወይም የጥበቃው አባባ ከሆኑ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው፤ ቅጠሉ በእነሱ እጅ ነው ያለው።

የጀመራችሁ ካላችሁ የክምራችሁን ፎቶ ላኩልን፤ የሸተተባችሁም ብትሆኑ አትፈሩ፣ እኛም ሸቶብናል። ሰናይ ቀን!