ስንቁን ማን ቋጠረው?

ይህ ወሬ እንፍራንዝ እንዳይደርስ አደራ። ለምን እንደምል በኋላ ይገባችኋል።

አሥራ አንድ ዓመት የአውሮፕላን ምግብ በሚሠራበት ወጥ ቤት ኖሬያለሁ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬን የበላሁበት ነው። ትውልዴ እንፍራንዝ፣ ከጉዛራ ግንብ ግርጌ ነው። ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ ታዲያ፣ ከውጭ የመጣውም ወደ ውጭ ሰው የሸኘውም አንድ ጥያቄ ይዞ ይጠብቀኛል፦ «እናንተ ሰዎች ለመንገደኛ የምታበሉት ምንድን ነው?»

በተለይ አክስቴ።

ልጇ አሜሪካ ሊሄድ ሲነሳ ዋዜማውን ሁለት ዶሮ ታረደለት። ቁሌቱ ሲንተከተክ አምሽቶ ወጡ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ወረደ። ትልቅ ድስት ነው። ክዳኑ ተገጠመ፣ በጋቢ ተጀቦነ፣ «እንዳይቀዘቅዝ» ተብሎ ከምድጃው ጥግ ተቀመጠ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላየሁም፤ ሁሉንም የነገረችኝ እሷው ናት፣ ያውም በኩራት። «ሲነጋ ብከፍተው እኮ ለብ እንዳለ ነው!» ስትለኝ የእኔ ሆድ ተገላበጠ።

እንቁላሉን የላጡት ሦስት ጎረቤቶች ናቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልጁ ከመሶቡ ፊት ተቀመጠ፤ የመጣው ሁሉ አጎረሰው። ሽኝት ነውና እምቢ አይባልም። የተረፈው በላስቲክ ዕቃ ተሞልቶ ከእንጀራ ጋር በፌስታል ተቋጠረለት። ማክሰኝት፣ ጠዳ፣ አዘዞ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በረራ፤ ከዚያ ቦሌ። ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው «ወጥ በእጅ ሻንጣ ፍተሻውን አያልፍም» አለው። የእናት እጅ የነካው ምግብ ይጣላል እንዴ? ጥግ ይዞ አወራረደው።

አውሮፕላኑ ከተነሳ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማስመለስ ጀመረ፤ ሆዱም ተከተለ። እዚያ ከቀረበለት የቀመሰው አንድ ዳቦና ሁለት ማንኪያ ሩዝ ነው። አስተናጋጆቹ በድምፅ ማጉያ ሐኪም ቢጠይቁ አንዲት ነርስ ተገኘች፤ ጨውና ስኳር የገባበት ውኃ በየመጠኑ እያጠጣች አደረሰችው። በማግስቱ እንፍራንዝ የገባው ወሬ አጭር ነበር፦ አውሮፕላኑ መረዘው።

እስቲ አሁን ወደ ጓዳ ላስገባችሁ። እንዲህ ያለ ስልክ ወጥ ቤታችን ሲደወል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ሰው?» ነው። «አንድ» ከተባለ እፎይ እንላለን፤ ለሁለት መቶ ሰው የወጣ ድስት አንድ ሰው መርጦ አያጠቃም። «አርባ» ከተባለ ግን የሚናገር አይኖርም። ቀጥሎ ሰዓቱ ይጠየቃል፦ መቼ በሉ፣ መቼ ጀመራቸው? ከዚያ ፍሪጁ ይከፈታል፤ ከእያንዳንዱ ምግብ ለናሙና የተቀመጠ አለ። የሙቀት መዝገቡ ይገለጣል። ሥጋው እምብርቱ ድረስ 75 ዲግሪ መድረሱን ማን ፈረመ? ከ5 ዲግሪ በታች የወረደው በስንት ሰዓት ነው? መኪናው አውሮፕላኑ ሥር ስንት ደቂቃ ቆመ? እኛ ቤት የሚፈራው ትኩስም ቀዝቃዛም አይደለም፤ ለብ ያለ ነው። ለሎዶቅያ ሰዎች የተጻፈውን መልእክት ያነበበ ሰው ይህ ቃል ለምን እንደሚያስደነግጠን ይገባዋል።

ሹክ ልበላችሁ፤ ተሳፋሪው በጥርጣሬ የሚያየው ዶሮውን ነው፣ እኛ የምንፈራው ሰላጣውን ነው። ዶሮው ሰማይ ላይ እንደገና ይሞቃል። ሰላጣው ግን ከሰው እጅ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ሰው አፍ ይገባል።

እጅ ካልኩ አይቀር፣ በሙያው ያለ ሁሉ የሚያውቀው የአንድ ጣት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1975 አንድ የጃፓን አየር መንገድ 747 ከቶኪዮ ተነስቶ በአላስካዋ አንኮሬጅ በኩል ወደ ፓሪስ ይበር ነበር፤ 344 ተሳፋሪዎች ይዟል። ኮፐንሃገን ለማረፍ ሲቃረብ ኦምሌትና የአሳማ ሥጋ ለቁርስ ቀረበ። ብዙም ሳይቆይ 196 ተሳፋሪዎችና አንዲት አስተናጋጅ ታመሙ፤ 143ቱ ሆስፒታል ገቡ። ምርመራው ዞሮ ዞሮ አንኮሬጅ ካለው ወጥ ቤት፣ ጣቱ ላይ ቁስል ከነበረበት አንድ ሠራተኛ ዘንድ ደረሰ። የነካው ሥጋ ስድስት ሰዓት ወጥ ቤቱ ውስጥ ሳይቀዘቅዝ ቆይቶ ነበር፤ ከዚያ ያደረበት ማቀዝቀዣም 10 ዲግሪ ነው። ለእኛ 10 ዲግሪ ማቀዝቀዣ አይባልም፣ ቁም ሣጥን ነው።

አውሮፕላኑ ላይ ሲሞቅ ለምን አልዳነም ትሉ ይሆናል። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በእሳት ይሞታል፤ አስቀድሞ የተፋው መርዝ ግን ቢያፈሉትም አይበገርም። «እንደገና ይፍላ» የሚለው የእናቶቻችን መድኃኒት እዚህ ላይ አይሠራም። ከተሳፋሪዎቹ አንድም አልሞተም። የሞተው ምግቡን ያቀረበው ድርጅት ኃላፊ ብቻ ነው፤ የምርመራውን ነገር ሲሰማ ራሱን አጠፋ። ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን የነገሩን አሠልጣኝ ሲጨርሱ ምንም አላከሉበትም፤ «በሉ እጃችሁን አሳዩኝ» ብቻ አሉን።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ጣት ሳላይ አልበላም። አመል ሆኖብኛል። ጎንደር ላይ በምግብ ቤቶች የሚሠሩ 127 ሰዎች ጥፍር ሥር ያለው ነገር ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሞ ነበር፤ ከመቶ 16.5 በሚሆኑት ላይ ያው ስታፊሎኮከስ ተገኝቷል። ያሳፍራል ለማለት አይደለም፤ የሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ የሚኖር ነገር ነው። እጅ ላይ መገኘቱ ብቻውን ማንንም አይጥልም። የሚጥለው ያ እጅ የላጠው እንቁላል ለብ ያለ ድስት ውስጥ ሲያድር ነው።

ወደ ጃፓኑ አውሮፕላን ልመልሳችሁ፤ ያን ቀን አንኮሬጅ ላይ ተረክቦ ያበር የነበረው ካፒቴን ቁርሱን አልበላም። ለእሱ ሰውነት ሰዓቱ የእራት ነበርና ሥጋ ጥብስ በላ። ሁለቱም አብራሪዎች ኦምሌቱን በልተው ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡት። ዛሬ በብዙ አየር መንገዶች ካፒቴኑና ረዳቱ አንድ ዓይነት ምግብ አይበሉም። አንዱ ዶሮ ከወሰደ ሌላው ፓስታ ነው፤ ሁለቱም ዶሮ ቢያምራቸው እንኳ አንዱ ይጾማታል። ፈረንጆቹ አዲስ ዘዴ ያገኙ ይመስላቸዋል እንጂ እኛ ዘንድ ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው ለዚሁ ነው። ጎንደር መቼም በዚህ ነገር አትታማም፤ አጼ ዳግማዊ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1769 የሞቱት በመርዝ እንደሆነ ይተረካል፣ ጣት የተቀሰረውም በራስ ሚካኤል ስሑል ላይ ነው።

«ከፍታው ነው ሆዴን ያወከው» የሚልም አለ። ይህስ ለባሕር ዳርቻ ሰው ይሠራል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ሆኖ ነው የሚሞላው። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አዘዞ ማረፊያው 2,000 ገደማ። የእኛ ሰው አውሮፕላን ውስጥ ሲገባ አገሩ ተቀምጦ እንዳለ ቁጠሩት። ሆዱን የነፋው የጠዋቱ ሽሮ ነው።

ደግሞ የታመመ ሁሉ የተመረዘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ከዱባይ ኒው ዮርክ የገባ የኤምሬትስ አውሮፕላን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ነበር፤ መቶ ያህሉ አመመን አሉ። አምቡላንስ ተደርድሮ ጠበቃቸው። የምግብ ነገር ነው ተብሎ ሲወራ እኛ ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ ፈትተን ስልክ ላይ ተደፍተን ነበር፤ የሌላ ቤት ቢሆንም ያው የሙያ ወንድሞቻችን ናቸው። ሆስፒታል የተወሰዱት 11 ሲሆኑ፣ ሲመረመር የተገኘው ኢንፍሉዌንዛና የጉንፋን ቫይረስ ሆነ። ወጥ ሠሪው ነጻ ወጣ። ይቅርታ የጠየቀው ሰው ስለመኖሩ ግን እጠራጠራለሁ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የአርጀንቲናው ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1992 ከቦነስ አይረስ በሊማ አድርጎ ሎስ አንጀለስ የገባ የኤሮሊኒያስ አርጀንቲናስ አውሮፕላን ውስጥ ኮሌራ ተሳፍሮ ነበር። የተጠረጠረው ሊማ ላይ የተጫነ የባሕር ምግብ ሰላጣ ነው፤ ሰላጣውን ልብ አድርጉልኝ። 75 ሰው ያዘው፣ አንድ ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ግን የታመሙት ወርደው፣ ተበታትነው፣ በየቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው። የኮሌራ ተህዋሲ ከሰዓታት እስከ አምስት ቀን ሊያደባ ይችላል። ሳልሞኔላም ብዙ ጊዜ ከስድስት ሰዓት በፊት አይነሳም። እንግዲህ ነገሩን ገልብጡት፦ አውሮፕላን ላይ የሚያስመልሰው መንገደኛ የበላው ብዙ ጊዜ ምድር ላይ ነው፤ የአውሮፕላኑ ምግብ እውነት ሲበድል ደግሞ ሰውየው ቤቱ ገብቶ የእህቱን ጥብስ ይረግማል።

የአክስቴን ልጅ ነገር ላብራቶሪ አላየውም፤ እኔ የፈረድኩት በሰዓቱ ነው። ማታ 2 ሰዓት የበላው ወጥ ከአራት፣ አምስት ሰዓት በኋላ ማስመለሱ የስታፊሎኮከስ ልክ ነው። ሆዱን ያጣደፈው የጠዋቱም ሊሆን ይችላል፤ በትልቅ ድስት ቀስ ብሎ የሚቀዘቅዝ ሥጋ ውስጥ ከእሳት የሚተርፍ ሌላ ዘር አለ፣ ያኛው ግማሽ ቀን ይፈልጋል። የዳቦውና የሁለት ማንኪያው ሩዝ ተራ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የሚያናድደኝ እኮ እኛ ስንቅ የማናውቅ ሕዝብ አለመሆናችን ነው። የጎንደር ነጋዴ እስከ ምጽዋ በቅሎ ሲነዳ የያዘው በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ ነበር። አንዱም እርጥበት የለው፤ ባክቴሪያ ደግሞ ያለ ውኃ አይራባም። ያ ሰው ቴርሞሜትር አላየም፣ ወራት ግን ተጉዞበታል። ዛሬ ላስቲክ ዕቃ መጣና ወጡን ከነመረቁ እንቋጥር ጀመር። እኔን ቢያማክሩኝ ለመንገደኛ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ ይዞ መሄድን የመሰለ የለም። ያም ቢሆን ሥጋ ነክ ነገር የሚከለክል አገር ብዙ ነውና ቋንጣው ከመውረድ በፊት ይለቅ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ልጇ ከሄደ ስንት ዓመቱ ነው፤ የሸኘችበት ድስት እስካሁን ስሙ ይነሳል። «ያቺ አውሮፕላን ልጄን ልትገድልብኝ ነበር» ስትል ቡናዬን ፉት እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። የሙያ ወንድሞቼን አሳልፌ ሰጠሁ በሉኝ። አውሮፕላን ነው፣ ይችለዋል።

ባለፈው ጥምቀት እኔም ልመለስ ስል ዶሮ ተያዘ። «እትዬ፣ ቁሌቱ ይደር፣ ዶሮው ግን ሌሊት 10 ሰዓት ይግባ፤ እኔ ትኩሱን ነው የምወደው» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ አዲስ አበባ አቀናጣሽ» አለች እየሳቀች፤ ግን ተነሳች። እንቁላሉን እኔ ላጥኩ። ጎረቤቶቹ ሳይመጡ። እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ስታጠብ አይታ «ምነው፣ ቅዳሴ ልትገቢ ነው?» አለችኝ።

ቋጠረችልኝ፤ ከነመረቁ፣ በላስቲክ ዕቃ፣ ፌስታሉን ሦስት ጊዜ አስራ። ተቀብዬ ጉልበቷን ሳምኩ። ማክሰኝት ሳንደርስ መኪናውን ጥግ አስይዘን ከሾፌሩ ጋር በላነው፤ ገና ያቃጥል ነበር።