ተሳፋሪው ልጅ እና እግር አጣቢው ልጅ

ኅዳር ሲጋመስ የቴሌግራም ግሩፖች በጉዞ ማስታወቂያ ይሞላሉ። «ልደትን በላሊበላ!» ይላል፤ ከሥሩ የመነሻ ቀን፣ የአውቶቡስ ዋጋ፣ ምግብና ማደሪያ ይጨምራል አይጨምርም። ብዙ ወላጆች አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸውን ልጆች የሚያስመዘግቡት በአንድ ተስፋ ነው፤ «እዚያ ደርሶ ሲመጣ ይለወጣል።» ግን የሚለውጠው ምኑ ነው? መንገዱ? ቦታው? ወይስ እዚያ ደርሶ የሚሠራው ሥራ?

መልሴን ቀድሜ ልናገር፤ ሥራው ነው።

ላሊበላ ላይ ታኅሣሥ 29 ድርብ በዓል ነው። የጌታ ልደት ብቻ ሳይሆን የቅዱስ ላሊበላም የልደት ቀን ነው። ሌሊቱ በማኅሌትና በቅዳሴ አልፎ ሲነጋ ቤተ ማርያም ላይ «ቤዛ ኩሉ» ይዘመራል። ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ቆመው ይቀባበሉታል፤ የላዮቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ስልኮች ሁሉ የሚወጡት ይኼኔ ነው። ቲክቶክ ላይ የምታዩትም ይህንኑ ነው።

ቪዲዮ ውስጥ እምብዛም የማይገባው ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት የሚሆነው ነው። ከላስታ፣ ከዋድላ፣ ከደላንታ፣ ከዚያም አልፎ ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣ ሰው አለ። ከተማዋ ሲደርስ የላሊበላ ልጆች ሳፋና ጀሪካን ይዘው ይቀበሉታል። ጫማውን አውልቀው እግሩን ያጥቡታል፣ ውኃ ያጠጡታል፣ ማረፊያ ያሳዩታል። መነሻው ወንጌል ነው፤ ዮሐንስ 13 ላይ ክርስቶስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጥባል። በጸሎተ ሐሙስም በየቤተ ክርስቲያኑ ይደረጋል። እዚያ ግን አጣቢው ጳጳስ ወይም ቄስ ነው። ለገና ላሊበላ ላይ ግን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልትሆን ትችላለች።

አስቡት እስቲ። አሥራ አምስት ዓመት «ሰው እንዴት ያየኛል?» የሚባልበት ዕድሜ ነው። በዚያ ዕድሜ የማታውቀውን ሽማግሌ የተሰነጠቀ ተረከዝ ይዞ ማጠብ ቀላል አይደለም። ስለ ትሕትና መቶ ስብከት ሰምታ ይሆናል። ተረከዙን ስትይዝ ግን ትሕትና ወሬ መሆኑ ያበቃል።

ወደ እኛ ወደ ወገል ጤና ስትመጡ ሒሳቡ ደግሞ ይከብዳል። ለደላንታ ልጅ መስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 29 ላሊበላ አለ። ታኅሣሥ ግን የመኸር ሥራ ያላለቀበት ወር ነው፤ ልጁ ለቤተሰቡ አንድ እጅ ነው። በዚያ ላይ ደላንታ ላይ ኦፓል ከወጣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቀኑን «ዛሬ ዕድሌ ቢሆንስ?» እያለ በቁፋሮ የሚቆጥር ወጣት ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ አንድ ሳምንት ለአገልግሎት ሲሰጥ ትርፍ ጊዜውን አይደለም የሰጠው። እኛ ኢኮኖሚክስ የተማርነው «የታለፈ ዕድል ዋጋ» የምንለውን ከፍሏል።

መክፈሉ ደግሞ እምነቱን አያዳክመውም፤ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ላውረንስ ያናኮኒ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከአባሎቻቸው ብዙ የሚጠይቁ የሃይማኖት ማኅበራት ለምን ጠንካራ እንደሚሆኑ አስረድቷል። ዋጋ ሲጠየቅ በነፃ ተጠቃሚው ይርቃል፤ የቀረው የምሩን ይሳተፋል። በእኛ አባባል፣ ያልደከምክበት ነገር አይጣፍጥም።

«ታዲያ በአውቶቡስ የሄደ አያምንም ልትለን ነው?» አይደለም። ልጅ ባየው ነገር ልቡ ይነካል፤ እሱም ትልቅ ነገር ነው። ግን ተነክቶ መመለስና አድጎ መመለስ ይለያያሉ። ስሜት ሰኞ ትምህርት ሲጀመር ይበርዳል። ኃላፊነት ግን ሰኞም ይጠብቅሃል።

ልዩነቱ ለእኛ አካባቢ የወሬ ጉዳይ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህም በጸጥታ ችግር መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። እምነቱን ከጉዞው ጋር ብቻ ያያያዘ ልጅ አውቶቡስ በማይሄድበት ዓመት ባዶ እጁን ይቀራል። ማገልገል የለመደው ግን አጥቢያው ውስጥ ሥራ አያጣም፤ የሚጠረግ ግቢ፣ የሚቀዳ ውኃ፣ ተደግፈው ቅዳሴ የሚመጡ እናት አሉ።

ስለዚህ ጉዞ ለምታዘጋጁ ሁሉ ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ወንበር ቁጥር ስትሰጡ አንድ ሥራም ስጡት፤ ውኃ ማደል ይሁን፣ ቆሻሻ መልቀም፣ አዛውንት መደገፍ። ሁለተኛ፣ አገልግሎቱ ላይ ካሜራ ይቀንስ። እግሩ የሚታጠበው ሰው እንግዳ እንጂ ኮንቴንት አይደለም። ሦስተኛ፣ ከጉዞ ሲመለሱ ያንኑ ሥራ አጥቢያቸው ላይ ይቀጥሉት።

እግሩ የታጠበለት ሽማግሌ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ብር የለውም። ያለው ምርቃት ነው፤ «እደጊ ልጄ፣ ተመንደጊ!» ይላል። ወላጆች ልጆቻቸውን ስትልኩ የምትመኙት ይህንኑ አይደል? ትኬቱን ስትቆርጡ እግረ መንገዳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ልጄ እዚያ ሄዶ ምን ይሠራል?»